ስም አውጪው መልአክ የደከመበት አገር

ባለፈው ወር ሁለት ኪሎ ቡናና አንድ ኪሎ በርበሬ ጠቅልዬ፣ ሳይቤሪያ ውስጥ ክራስኖያርስክ ከተማ አጠገብ ቤርዮዞቭካ በምትባል ስፍራ ትዳር መሥርቶ ለቀረ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ከሞስኮ ላክሁለት። በሳምንቱ «ዕቃዎ ቤርዮዞቭካ ደርሷል» የሚል መልእክት በስልኬ ገባ። መልእክቱ አልዋሸም። ዕቃው በእርግጥ ቤርዮዞቭካ ደርሷል፤ ችግሩ የደረሰው በፔርም ክልል ወዳለችው ቤርዮዞቭካ መሆኑ ነው፤ ከጓደኛዬ ደጃፍ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ። ሩሲያ ተምራችሁ ወይም ሠርታችሁ የኖራችሁ ሁሉ የቀረውን ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ በወቀሳ ጊዜያችሁን አላጠፋም። ዛሬ የመጣሁት ለማመስገን ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። የሩሲያ ገጠር የደረሰው መልአክ ግን ቆጣቢነቱ ይበል የሚያሰኝ ነው። ቤርዮዛ፣ ያ ግንዱ ነጭ የሆነው ዛፍ፣ ደን በተመነጠረበትና በተቃጠለበት መሬት ላይ ከሌሎች ዛፎች ቀድሞ ይበቅላል። ሰፋሪው መጥረቢያውን አስቀምጦ ላቡን ሲጠርግ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፍበት እርሱ ነው። እንግዲህ ምን ያስጨንቃል? መንደሩ ቤርዮዞቭካ ተባለ። ወንዙም ቤርዮዞቭካ ተባለ። ከኮረብታው ማዶ የሰፈረው ጎረቤትም ያንኑ ዛፍ አይቶ ያንኑ ስም አወጣ። መልአኩ ነጩ ግንድ የሰለቸው ዕለት ጥድ ያየበትን ሶስኖቭካ፣ ሊፓ ያየበትን ሊፖቭካ፣ ኦልኻ ያየበትን ኦልኾቭካ እያለ አለፈ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ራሱን አላደከመም።

በዚህ አሠራር የተጠቀመ ሰው የለም እንዳትሉ። የሩሲያው ንጉሥ የታላቁ ጴጥሮስ ቀኝ እጅ የነበረው ሜንሺኮቭ እ.ኤ.አ. በ1728 ከነቤተሰቡ ወደ ሳይቤሪያዋ ቤርዮዞቮ ተግዞ፣ በዓመቱ እዚያው አረፈ። እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ ዛፍ ያለበት አድራሻ ተጽፎለት በመጀመሪያው ሙከራ ትክክለኛው ቦታ የደረሰ ጭነት እርሱ ብቻ ነው።

የሚደንቀው ደግሞ ሞክሼዎቹን ለመለየት የተዘረጋው ዘዴ ነው። ሁለት ቤርዮዞቭካዎች ጎን ለጎን ሲገኙ አንዷ «ታላቋ»፣ ሌላዋ «ትንሿ» ትባላለች። ሦስተኛ ስትመጣ «ላይኛዋ»፣ አራተኛዋ «ታችኛዋ» ትሆናለች፤ ከዚያ «አሮጌዋ»ና «አዲሷ» ይከተላሉ፤ ቅጽል ሲያልቅ ደግሞ «አንደኛዋ»ና «ሁለተኛዋ» አሉ። ዘመን ሲያልፍ ታላቋ ሦስት ጭስ ብቻ የሚታይባት ትሆንና ትንሿ ትምህርት ቤትና ሱቅ ታወጣለች፤ አዲሷም አርጅታ አጥሯ ይዘማል፤ ሆኖም ቅጽሉን ማንም አይነካውም፣ ቅርስ ነውና። መንደሯ አድጋ የወረዳ ዋና ከተማ የሆነች እንደሆነ ወረዳው ቤርዮዞቭስኪ ይባላል። ይኸው የጓደኛዬ ቤርዮዞቭካ የቤርዮዞቭስኪ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ የፔርሟም ቤርዮዞቭካ የቤርዮዞቭስኪ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ የሜንሺኮቭ መቀበሪያ የሆነችው ቤርዮዞቮም የቤርዮዞቭስኪ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ቤርዮዞቭስኪ የሚባል ከተማ ፈልጋችሁ ከሆነ አንዱ የካተሪንቡርግ ጥግ ወርቅ የተገኘበት፣ ሌላው ኬሜሮቮ ክልል ድንጋይ ከሰል የሚወጣበት አለላችሁ። ጎዳናው ቤርዮዞቫያ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ቤርዮዝካ ነው። በሶቪየት ዘመን በሩብል የማይሸጡት፣ ተራው ዜጋ በመስኮት የሚያያቸው የውጭ ምንዛሪ ሱቆች እንኳ ስማቸው ቤርዮዝካ ነበር፤ ዶላር በኪሱ የያዘ የውጭ ተማሪ ግን ዘው ብሎ ይገባባቸው ነበር። እንግዲህ ቤርዮዝካ ተምሮ፣ ቤርዮዞቫያ ላይ አድጎ፣ ቤርዮዞቭካ የሚኖር ሰው፣ ቅዳሜ ቤርዮዞቭካ ወንዝ ዳር ባለው ባኛ፣ ማለትም የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ በቤርዮዛ ቅጠል ጀርባውን እየተገረፈ «አገሬን በምን ልለያት?» ብሎ ሊጨነቅ አይችልም፤ ሁሉም አገሩ ነው።

የዘመኑ ቤት ሠሪም ባህሉን ሳያዛንፍ ጠብቋል። ጫካውን በማሽን ጠርጎ፣ አጥር አጥሮ፣ በሩ ላይ «የቤርዮዛ ጫካ» ብሎ ይለጥፋል። ዛፉን የሚነቅል፣ ስሙን የሚተክል ባለሙያ በየትም አገር ክብር ይገባዋል።

እዚህ ላይ ሽሙጤን ላቁም። ባለፈው ክረምት በአንዲት ሶስኖቭካ ያደርሁባቸው አሮጊት፣ ባላቸው የታመሙ ሌሊት አምቡላንስ ሲጠሩ በስልኩ ወዲያ ያለችው ሴት ደጋግማ «የትኛዋ ሶስኖቭካ?» እያለች ስትጠይቃቸው፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ የወንዙን ስም፣ የወረዳውን ስም፣ የፈረሰውን ቤተ ክርስቲያን ጭምር እንደቆጠሩላት ነግረውኛል። ይህ አያስቅም። እ.ኤ.አ. በ2010 የሕዝብ ቆጠራ ከ153 ሺህ ከሚበልጡት የሩሲያ የገጠር መንደሮች ከ19 ሺህ በላይ የሚሆኑት አንድም ነዋሪ አልተገኘባቸውም። መንደርን ከመንደር የማይለይ ስም የሚበቃው፣ እዚያ ድረስ ሄዶ ሰው የመፈለግ አሳብ ለሌለው ሰው ነው። መዝገብ ይዞ ሞቅ ባለ ክፍል የተቀመጠው ጸሐፊ ለአሮጊቷ የሚሆን አንድ ቃል መጨመር አቅቶት አይደለም፤ የሰው ጉዳይ ስላልሆነለት ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ዕቃዬን ፍለጋ የደወልሁላት ሠራተኛ በትሕትና አስተናገደችኝ። «ስድስቱን የፖስታ ቁጥር አሳስተው ይሆናል» አለችኝ፤ ደረሰኙን አውጥቼ አነበብሁላት፣ ልክ ነበር። «እንግዲያው መንደሩን የሚለይ ምልክት ይንገሩኝ» አለች። ጓደኛዬ ያለኝን አስታውሼ «ወንዝ አጠገብ ነው፣ መግቢያው ላይ ቤርዮዛዎች አሉ» አልኋት። ጥቂት ዝም አለችና «አዎ፣ እርሷ ናት» ብላ መዘገበችልኝ።

ትናንት ማታ አዲስ መልእክት ደረሰኝ፤ ዕቃው ከቤርዮዞቭካ ተነሥቶ ወደ ቤርዮዞቭካ በመጓዝ ላይ ነው ይላል። ጓደኛዬም ደውሎ ጀበናውን ያጥበው እንደሆነ ጠየቀኝ። ጥቂት እንዲቆይ ነገርሁት።