ማስተካከያ፦ ስለ ሳን ጂሚኛኖ የጻፍኩት

ባለፈው ስለ ሳን ጂሚኛኖ፣ ማለትም ጣሊያን ቶስካና ውስጥ ኮረብታ አናት ላይ ስላለችው የመካከለኛው ዘመን ከተማ ስጽፍ ተሳስቻለሁ። ይቅርታ።

አንደኛ፣ «ከፍሎረንስ በባቡር ቀጥታ ትገባላችሁ» ብዬ ነበር። አትገቡም፤ ከተማዋ ባቡር ጣቢያ የላትም። አጠገቧ ያለችው ከተማ ፖጂቦንሲ ላይ ከባቡር ወርዳችሁ አውቶቡስ ትይዛላችሁ። እሁድና በበዓል ቀን አውቶቡሱ ስለሚቀንስ የመመለሻውን ሰዓት ቀድማችሁ እዩ።

ሁለተኛው ይበልጥ ይቆጨኛል። ከተማዋ የምትታወቅባቸው የድንጋይ ማማዎች ጠላት ለመከላከል የተሠሩ ናቸው ብያለሁ። ዋናው ነገር ግን ፉክክር ነው፦ ሀብታም ቤተሰቦች እኔ እበልጥ እኔ እበልጥ እየተባባሉ ሽቅብ ሲገነቡ ማማዎቹ 72 ገደማ ደርሰው ነበር ይባላል፣ ነገሩም ከልክ ሲያልፍ እ.ኤ.አ. በ1255 የግል ማማ ከከተማው አስተዳደር ማማ እንዳይበልጥ በሕግ ተከለከለ። ዛሬ የቀሩት 14 ያህል ናቸው። ረጅሙ ቶሬ ግሮሳ 54 ሜትር ሲሆን እስከ ላይ መውጣት ይቻላል። ጉልበታችሁ ከፈቀደ አያምልጣችሁ።

የከተማዋን ትልቁን ቤተ ክርስቲያን «ካቴድራል» ማለቴም ልክ አይደለም። ሰዉ ዱኦሞ (በጣሊያንኛ ካቴድራል) ይበለው እንጂ የጳጳስ መንበር የለውም፤ ኮሌጃታ ነው፣ ማለትም የካህናት ጉባኤ ያለው ግን የጳጳስ መቀመጫ ያልሆነ ቤተ ክርስቲያን።

የጉድጓዱን አደባባይ ግን ጭራሽ ረስቼው ነበር። ፒያሳ ዴላ ቺስቴርና ስትደርሱ የጉድጓዱን የድንጋይ አፍ ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ለዘመናት ውሃ የተቀዳበት ገመድ ድንጋዩን ፈግፍጎ ቦይ አውጥቶበታል። ጣታችሁን አስገቡበት።