እባካችሁ ያቺን የካርቡራተር ቀዳዳ በሽቦ አትጎርጉሯት!

ጅማ ውስጥ ትንሽ ጀነሬተር ይዞ ሱቅ የከፈተ ሰው ሁሉ ብሶቴ ይገባዋል። እኔ ፀጉር ቤት ነው ያለኝ። መብራት ይሄዳል። ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨ ደንበኛ በመስታወት እያየኝ እኔ ውጭ ዝናብ ላይ የጀነሬተሩን ማስነሻ ገመድ እጎትታለሁ። ይነሳል። ከዚያ ድምፁ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል... ቾኩን፣ ማለትም የአየር መዝጊያውን፣ ካልዘጋህለት ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል።

ይሄ እኮ ምልክቱ ግልጽ ነው፣ ቤንዚን እያነሰው ነው። ካርቡራተሩ፣ ማለትም ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ክፍል፣ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፍ ትንሽ የናስ ቁራጭ አለች፣ ቀዳዳዋ 1 ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም። ቆሻሻ ይዟታል። ከስር ያለውን የቤንዚን ማጠራቀሚያ ፈትቶ፣ ናሷን አውጥቶ፣ ማጽጃ ስፕሬይ ነፍቶ በኮምፕሬሰር አየር ማጽዳት ነው። አለቀ!

መካኒኩ ግን ሽቦ ያነሳል። «አይዞህ ወንድሜ፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት» ይልህና ይጎረጉራታል። ናስ ለስላሳ ነው፣ ሽቦው ብረት። ቀዳዳዋ ትሰፋለች። ሞተሩ በርግጥ ይነሳል፣ አንተም ደስ ብሎህ ከፍለህ ትሄዳለህ፣ ብዙም ሳትቆይ ግን ጥቁር ጭስ የሚተፋ፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላ በጥላሸት የጠቆረበት፣ ቤንዚን የማይበቃው ማሽን ይዘህ ትመለሳለህ። ያኔ ምን ቢልህ ጥሩ ነው? «ካንዴላው ነው፣ ቀይረው!»

ደግሞ እኛ ያለነው ወደ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ሳሳ ይላል፣ ስለዚህ ከፋብሪካ የመጣው ቀዳዳ ራሱ ለኛ አገር ቤንዚን ያበዛል። ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሞተር ጠበብ ያለ ቀይሩ የሚሉ አምራቾች አሉ። ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የሞተሩ ጉልበት 3.5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ያ ከአየሩ ነው፣ ምንም አታደርገውም። እኛ ግን መጥበብ ያለበትን ቀዳዳ ጭራሽ እናሰፋዋለን።

ሲሊኮኑንስ ብትሉ! የካርቡራተሩ ማሸጊያ ጎማ ካረጀ አዲስ ከመፈለግ ሲሊኮን ይለቀልቁበታል። ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይላጣል፣ ከዚያ ዞሮ ያቺኑ ቀዳዳ ይደፍናል። እንደገና ሽቦ።

ቤንዚኑም ያው ነው። ማደያ ሄደህ በጀሪካን አይቀዳም ትባላለህ፣ መንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን በውድ ትገዛለህ፣ ውኃ አለበት። ቢያንስ ጠርሙሱን ትንሽ አቁሙት፣ ውኃው ከታች ይለያል፣ የላዩን ብቻ ቅዱ። ጀነሬተሩን ለረጅም ጊዜ የማትነኩት ከሆነም የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግታችሁ ራሱ እስኪጠፋ አስነሱት። ውስጡ የቆመ ቤንዚን እየደረቀ ሙጫ ይሆናል።

ናሷን ለብቻዋ ፍለጋ እዚሁ ጅማ ሄርማታ ሰፈርን ዞርኩት። ሙሉ ካርቡራተር ካልገዛህ የለም! በመጨረሻ አንድ ዘመዴ ከአዲስ አበባ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ። ቁጭ ብዬ ልገጥማት ስል አንድ መካኒክ በር ላይ ቆመና አንስቶ ወደ ብርሃን አድርጎ አያት።

«ጠባብ ናት ይቺ። ሽቦ አለህ?»