እርማት፦ የፋይል ቁጥር የሻተር ቆጠራ አይደለም

ደብረ ማርቆስ ለሽያጭ ስለቀረበው ያገለገለ ኒኮን ዲ750 ካሜራ በተሰጡት አስተያየቶች «የመጨረሻው ፎቶ ቁጥሩ 0412 ስለሆነ ገና 412 ፎቶ ብቻ ነው ያነሳው» የሚል ሐሳብ ተደጋግሟል። በቅንነት የተባለ ቢሆንም ትክክል አይደለም።

የፋይል ቁጥር 9999 ሲደርስ ተመልሶ ከ0001 ይጀምራል፤ ባለቤቱም ሲፈልግ ከካሜራው ማስተካከያ ገብቶ እንደ አዲስ ሊያስጀምረው ይችላል። ሻተሩ፣ ማለትም ፎቶ በተነሳ ቁጥር የሚከፈተውና የሚዘጋው የካሜራው መጋረጃ፣ የሠራበት ብዛት የሚመዘገበው ለብቻው ነው፤ ኒኮን ደግሞ በየፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል። ስለዚህ ሻጩን ዛሬ የተነሳና ምንም ያልተነካካ አንድ ፎቶ ጠይቁት። በቴሌግራም ሲልክላችሁ በፋይል መልክ ይሁን፤ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ መረጃው ተራግፎ ይቀራል። ከዚያ ኤግዚፍቱል በተባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከፍታችሁ «ሻተር ካውንት» የሚለውን መስመር አንብቡ። ብዙ የካኖን ካሜራዎች ቁጥሩን በፎቶው ውስጥ ስለማይጽፉ ካሜራውን ራሱን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል።

የዲ750 ሻተር በፋብሪካው የተፈተነው ለ150,000 ጊዜ ነው። ለዓመታት የጥርን ሰርግ ሲያነሳ የከረመ ካሜራ «0412» እያሳየ ወደዚያ ሊጠጋ ይችላል። በአዲስ ዋጋ የገዛው ወጣት ሙሽሮቹ ቀለበት ሲያስሩ ሻተሩ ቢቆምበት፣ ያቺን ቅጽበት ማንም አይመልስለትም። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ያንን አንድ ፋይል አስልኩ።