ቱታ ለብሳ ለመጣች ሠልጣኝ ፋይል ማስታቀፍ

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ የኤሌክትሪክ ሠልጣኞቹን ለአፓረንት፣ ማለትም ለሥራ ላይ ልምምድ፣ ሲመድብ ወንዶቹን ወደ ሳይት፣ ሴቶቹን ወደ ቢሮና ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ላከ። ወላጆች በስብሰባ ሲጠይቁ አንድ ኃላፊ «ሥራው ጉልበት ይፈልጋል፤ ለእነሱው አስበን ነው» አሉ። እኔም ስብሰባው ላይ ነበርኩ። ያጨበጨበ ሰው መኖሩ እስካሁን ያናድደኛል።

ጉልበት! እንዲህ የሚባለው ሰሜን ሸዋ ላይ ተቁሞ ነው። 20 ሊትር ውኃ የሞላ ጄሪካን 20 ኪሎ ነው። የመንዝ ሴት እሱን አዝላ በዚያ ብርድ ዳገት ስትወጣ «ይከብድሻል» ብሎ የተቀበላት የለም። ግድግዳ የሚበሳው ድሪል ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው። ቴስተርና ፒንሳማ ኪስ ውስጥ ይገባሉ።

ደግሞስ የቤት ዝርጋታ መቼ የጉልበት ሥራ ሆኖ ያውቃል? ፌዙን (ኃይል አምጪውን ገመድ) ከኒውትራሉ (ከመላሹ) መለየት፣ ኧርዙን (ወደ መሬት የሚወርደውን የአደጋ መከላከያ ገመድ) በትክክል ማውጣት፣ ለምጣድ የሚሄደውን መስመር ከመብራቱ ለይቶ በሚመጥነው ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መስመሩን በሚቆርጠው) ማሰር ነው ሥራው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። ይህን ሁሉ ጭነት ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ገመድ ላይ አስሮ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ የሄደ ወንድ ባለሙያ በየሰፈሩ ሞልቷል። ሶኬቱ ሲግል፣ ላስቲኩ መሽተት ሲጀምር አፍንጫዋ ላይ የሚደርሰው ምጣዱ አጠገብ የቆመችው እናት ናት። ብሬከሩ ሦስት እንጀራ ሳይወጣ ሲወርድ ሊጧ ኮምጥጦ የሚቀርባት እሷ ናት። ባልየው ማታ ሲመጣ «መብራት ሄዶ ነው» ይባላል፤ አልሄደም፣ ዝርጋታው ነው የተበላሸው። በዚህ ወጥ ቤት ያደገች ልጅ ገመድ ስትመርጥ ምጣዱን አትረሳም። አንዲት ሴት ኤሌክትሪሺያን ያለችበት ሰፈር ከእሳት የተጠበቀ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ወደ ውሳኔው ልመለስ። በትብብር ሥልጠናው አሠራር 70 በመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በተቋሙ እንደሚሰጥ ኃላፊዎቹ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። እንግዲያው ልጅቱን ቢሮ ማስቀመጥ ማለት ከሥልጠናዋ 70 በመቶውን መንጠቅ ነው። ለሲኦሲ፣ ለሙያ ብቃት ምዘናው፣ ስትቀርብ የሚጠብቃት የተግባር ፈተና ነው። ከወደቀች ደግሞ እነዚሁ ሰዎች «ብለን ነበር» ይሉናል።

ሶላሩም ያው ነው። የዞናችን ሬማ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከ1,000 በላይ ቤቶቿ በፀሐይ ኃይል በርተው፣ የሶላር ቴክኒሻን ማሠልጠኛም ተከፍቶባት ነበር። ፓነል ከ20 ዓመት በላይ ያገለግላል፤ ባትሪው ግን በጥቂት ዓመት ይደክማል። አቧራውን የሚጠርግ፣ የላላውን ገመድ የሚያጠብቅ፣ ባትሪው ሳይሞት የሚያውቅ ሰው እዚያው መንደር ያስፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ቤት ያለው ማን ሆነና ነው ሴቶቹን ትተን ከከተማ ወንድ የምንጠብቀው?

መንገዱ አስተማማኝ ስላልሆነ ራቅ ወዳለ ወረዳ አይላኩ ቢባል ይገባኛል። ውሳኔው ግን እዚሁ ከተማ መሀል ላለ ሳይትም ነው። «ይለክፏቸዋል» ያሉም ነበሩ። ለካፊው ከሳይት ይባረር እንጂ የተለከፈችው ለምን ትቀመጣለች? ምሰሶ መውጣት ለሴት ያሰጋል የሚለው ሰው ያችው ልጅ ሥራ አጥታ ወደ ዐረብ አገር ስትሰደድ ግን አንድ ቀን ስብሰባ ሲጠራ አላየሁም።

ምደባው ይሻር። ቢሮ ያለፈባቸው እያንዳንዱ ቀን ተቆጥሮ ሳይት ላይ ይካካስላቸው፤ የደኅንነት ቀበቶና ጓንትም ከወንዶቹ እኩል ይሰጣቸው። ቱታውን እንኳ ከወላጆቻቸው ኪስ ገዝተው ነው የመጡት።