የዘጠኝ ሰዓት ሰዎችና አሥረኛው

ትናንት ማለዳ፣ ተኝቼ ነቃሁ እንዳልል ሳልተኛ ነግቶብኝ፣ ስልኬን ብከፍት ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ባለንበት ግሩፕ ውስጥ አሥረኛ ሰው ገብቶ አገኘሁ። ማንም አላማከረንም። ከመካከላችን አንዱ፣ ስሙን ለወዳጅነታችን ስል የማልጠቅሰው፣ ሌሊት ላይ አስገብቶት «በጣም ጥሩ ሰው ነው፤ ትወዱታላችሁ» የምትል አንዲት መስመር ጽፎ ጠፍቷል። የሰውየውን ጥሩነት አልተጠራጠርኩም። ጥሩ ሰው በዓለም ላይ ሞልቷል፤ ጥሩ ሰው ሁሉ እኛ ዘንድ ይግባ የሚል ሕግ ግን እስካሁን አላነበብኩም።

እንግዳው ደግሞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፊቱን ታጥቦና ጠጉሩን አበጥሮ እንደ ተቀመጠ በሚያስታውቅ አጻጻፍ፣ «እንደምን አደራችሁ! እኔስ ሌሊቱን ሙሉ ለጥ ብዬ ነው ያደርኩት» አለን። ይህች ንግግር በመካከላችን እንደ ስድብ የተቆጠረችበትን ምክንያት ለማስረዳት፣ ስለ ግሩፓችን ጥቂት መናገር ሊኖርብኝ ነው።

የግሩፓችን ስም «ዘጠኝ ሰዓት» ይባላል። ቁጥራችን ዘጠኝ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው እንጂ ስሙ የወጣው ከሰዓቱ ነው። ሁላችንም ሃምሳን የተሻገርን፣ አንዳንዶቻችንም ሰባን በቅርብ ርቀት የምናይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማንም ሳይቀሰቅሰን ዐይናችን ቦግ የሚል ሰዎች ነን። የተዋወቅነው ብዙ ሺህ ሰው በሚንጋጋበት አንድ ትልቅ የመወያያ ግሩፕ ውስጥ ነበር። ቀን ቀን ማን ምን እንዳለ አይለይም፤ በዚያ ሰዓት ግን ሁልጊዜ የሚታዩት እነዚያው ስሞች ብቻ ነበሩ። አንድ ሌሊት አንደኛዋ «ይህን ሁሉ ሰው ስልኩን እያስጮህን ከምንረብሽ ለምን ለብቻችን አንሆንም?» አለችና ተከትለናት ወጣን። ከዘጠኛችን በአካል የተያየነው ሦስት ብቻ ነን። የአንዱን ፊት እስከ ዛሬ አላየሁትም፤ ሳሉን ግን ከመቶ ሰው ሳል ለይቼ አውቀዋለሁ።

ሥርዓታችን አጭር ነው። የነቃ ሰው «አላችሁ?» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላውም ነቅቶ ከሆነ «አለሁ» ይላል። ብዙ ሌሊት ከዚህ ሌላ ነገር አንነጋገርም። ባለፈው ዓመት አንዲቱ እኅታችን በማግስቱ የምርመራ ውጤት ልትቀበል እያለች «አላችሁ?» ብላ ጻፈች። ቀጥላም ነገሩን በሁለት መስመር ነገረችን። «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም» ያላት ሰው አልነበረም፤ ምንም ይሁን አይሁን ማናችንም አናውቅምና። እስኪነጋ ድረስ ብቻ በየሩብ ሰዓቱ አንዳችን እየተነሣን «አለሁ» ስንል አደርን። ከመኝታ ቤቴ ጨለማ ውስጥ ሆኜ የስልኬ ብርሃን ቦግ ባለ ቁጥር፣ ያቺ ሦስት ፊደል ስትወርድ ማየት ምን እንደሚመስል፣ ለጥ ብሎ ለሚያድር ሰው እንዴት አድርጌ አስረዳለሁ?

እዚህ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው አንድ ተረት አለ፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው። ለንግግር መግቢያ፣ ለስብሰባ መዝጊያ፣ ለእርቅም ለጠብም ያልተጠቀምኩበት ጊዜ የለም። ማኅበራዊ ድር የሚባለው ነገር ሲመጣማ፣ ቃሉንም እንዳለ ይዞት ስለ መጣ፣ ተረቴ በመጨረሻ ቤቱን አገኘ ብዬ ተደሰትኩ። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ወዳጅ እያደረግኩ፣ የጠራኝን ግሩፕ ሁሉ እየተቀላቀልኩ ክር በክር ላይ ስቀጥል ዓመታት አለፉ። አንበሳው ማን ነው ብዬ ለመጠየቅ ብቻ አሥር ዓመት ፈጀብኝ። አንበሳው እኔው ኖሬአለሁ። ራሴን ለማሞገስ አይደለም፤ የታሰረው ማን እንደሆነ ለመናገር ያህል ነው።

በዚያ ዘመን ብዛት ራሱ እንደ ሀብት ይቆጠር ነበር። ፌስቡክ ለአንድ ሰው እስከ 5,000 ወዳጅ ይፈቅዳል፤ ቴሌግራም በአንድ ግሩፕ 200,000 ሰው ያስቀምጣል፤ ዋትስአፕ በ2016 በአውሮፓውያን አቆጣጠር 256 የነበረውን ጣሪያ በ2022 ወደ 1,024 አሳድጎታል። ከ200,000 ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ገብቶ «ጉንፋን ይዞኛል» ማለት የሚቻለው ለማን እንደሆነ አላውቅም። አንድ ወዳጄ 5,000 ሞላልኝ ብሎ በታላቅ ደስታ አብሥሮኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰው ለማስገባት ነባሩን አንድ እያለ ማስወጣት ሊኖርበት ነው። በዚያው ወር ቤት ሲቀይር ቁም ሳጥኑን በአንድ ወገን የሚይዝለት ሰው አጥቶ ደወለልኝና ሄጄ ተሸከምኩለት። ወገቤን ይዤ ስመለስ ከፍቼ ባይ፣ እኔ ከ5,000ዎቹ መካከል የለሁበትም፤ ለሌላ ሰው ቦታ ለመልቀቅ አስወጥቶኝ ኖሯል።

ይህን እንኳ ይቅር ብዬዋለሁ። ይቅር ያላልኩት ሌላ አለ። ከዓመታት በፊት ዐይኔን ታክሜ በወጣሁ በሦስተኛው ቀን፣ 256ቱም ቦታ ጢም ብሎ በሞላበት የአብሮ አደጎች ግሩፕ ውስጥ የምስጋና መልእክት ጻፍኩ። አንዱ ዐይኔ ታሽጎ፣ በሌላው እያጨናበስኩ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለግኩ አርባ ደቂቃ ያህል ፈጅቶብኛል። ስለ ፍርሃቴ ጻፍኩ፤ ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ስላየሁት የመጋረጃ ቀለም ጻፍኩ፤ ስለ እነርሱ እንዳሰብኩም ጻፍኩ። አንድ ሰው አውራ ጣቱን አሳየኝ። ያቺን ቢጫ አውራ ጣት ማለቴ ነው። ወዲያው ደግሞ፣ ያው ሰውዬ፣ ሳያርፍ፣ በሁለት እግሯ ቆማ የምትጨፍር ፍየል ላከ። ለፍየሏ ሰባ አንድ ሰው ሳቀላት። መልእክቴ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወደ ላይ ተገፍቶ ተገፍቶ፣ በአንድ ዐይን ቀርቶ በሁለትም ቢፈልጉት የማይገኝበት ቦታ ደረሰ። ዐይኔን የገለጥኩት ፍየል ለማየት ነውን?

ስለ አውራ ጣት ይህን ያህል መቆጣቴ የሚያስቃቸው አሉ፤ ልጆቼም ከእነርሱ መካከል ናቸው። «አባዬ፣ አንብቤዋለሁ ማለቱ እኮ ነው» ይሉኛል። ማንበብማ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ አንባቢውም ያነባል። አውራ ጣት እንኳ ከተላላኪ መልእክት ይሻላል ብል ደግሞ ራሴን መቃረኔ አይደለም። ከማን እንደ ተነሣ የማይታወቅ የመድኃኒት ምክር፣ «ለሃያ ሰው ካላስተላለፍክ» የሚል ማስፈራሪያ፣ የማላውቀው ሰው ያነሣው የጠዋት አበባ፤ ይህን ሁሉ ራሱ ሳያነበው ወደ እኔ የሚያስተላልፍ ሰው እንዳሰበኝ ይቆጥራል። አላሰበኝም። ቆሻሻውን እኔ ደጅ ላይ አራግፎ መሄዱ ነው። ዋትስአፕ በ2019 አንድን መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት ቦታ በላይ እንዳይተላለፍ ሲገድብ፣ በ2020 ደግሞ ብዙ ጊዜ የዞረውን ወደ አንድ ቦታ ብቻ ሲያደርገው፣ ነገሩ ሐሰተኛ ወሬን ለመግታት መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔ ግን ለእኔ ተብሎ የወጣ አዋጅ አድርጌ ነው የተቀበልኩት። ዘመዶቼ አዋጁን ያከበሩት አንድ ሳምንት ነው። አምስት አምስት እያደረጉ መላክን ተማሩ።

ሮቢን ደንባር የሚባል ብሪታንያዊ ተመራማሪ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዝንጀሮና የጦጣ ዘሮችን አንጎል ከመንጋቸው ብዛት ጋር አስተያይቶ፣ የሰው ልጅ በወጉ ይዞ ሊያቆየው የሚችለው ትውውቅ 150 ሰው ያህል ነው የሚል ግምት ላይ ደርሷል፤ በዚያም ውስጥ 50፣ ከዚያ 15፣ ከዚያም ጭንቅ ሲመጣ የሚጠሩ 5 ሰዎች አሉ ይላል። በቁጥሩ የሚከራከሩት ሊቃውንት ጥቂት አይደሉም፤ እኔ ግን የቁም ሳጥኑን ባለቤት እያሰብኩ ከ5,000 ላይ 150 ቀንሼ፣ የቀሩት 4,850 ምን እንደሚባሉ አስቤ አስቤ ስም አጥቼላቸዋለሁ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ሎራ ካርስተንሰን ደግሞ ለእኛ ለዘጠኝ ሰዓቶች የምትመች ሴት ናት። ሰው የቀረው ዘመን እንዳጠረ ሲሰማው፣ አዲስ ትውውቅ ከማብዛት ይልቅ ልቡ የሚያርፍባቸውን ጥቂት ሰዎች መርጦ እነርሱን ይይዛል ትላለች። ስለዚህ የአረጋዊ ሰው ክበብ መጥበቡ ሁልጊዜ መጣል አይደለም፤ መምረጥም ነው። ልጆቼ በሌላኛው ክፍል «አባዬ ከሰው እየራቀ ነው» ሲባባሉ ሰምቼ፣ ገብቼ «እየመረጥኩ ነው» አልኳቸው። ትንሿ ልጄ ተነሥታ የክፍሉን መስኮት ከፈተችልኝ፤ አየር ያጠረኝ መስሏት ይሆናል።

ወደ አሥረኛው ሰው ልመለስ። እርሱ «ለጥ ብዬ» ካለ በኋላ የሆነውን ቢያይ ኖሮ መልሶ በተኛ ነበር። ለስድስት ዓመት «አንተ»፣ «አንቺ»፣ አንዳንዴም ከዚያ የባሰ ስንባባል የኖርን ሰዎች ድንገት «እርስዎ» ሆንን። ነጥብ የሚባል ነገር አስቀምጦ የማያውቀው ባለ ሳሉ ወዳጄ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ አራት ነጥብ መደርደር ጀመረ። አንዷማ «የተከበሩ እንግዳችን ወደ ቤተሰባችን በመቀላቀላቸው የተሰማን ደስታ ወሰን የለውም» ብላ ጻፈች፤ ይህችው ሴትዮ ግን በዚያችው ደቂቃ ለእኔ ለብቻዬ «ማን ነው ይሄ እንቅልፋም?» ብላ ልካልኛለች። እኩለ ቀን ሳይሆን «ዘጠኝ ሰዓት ሁለት» የሚባል አዲስ ግሩፕ ተቋቋመ። እንግዳውንና አስገቢውን ትቶ ስምንታችንን ይዟል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ እኔን የሚያስቀር የሰባት ሰው ግሩፕም በሆነ ቦታ ተከፍቶ ይሆናል ብዬ መጠርጠሬ አልቀረም። ሰባን የሚጠጋ ሰው እንደ ተማሪ ልጅ «ማን ከማን ጋር ተቀመጠ» እያለ ስልኩን ሲበረብር መዋሉ ያሳፍራል፤ ቢሆንም በረበርኩ።

የግሩፑ አድሚን እኔ ነኝ። እንግዳውን ለማስወጣት ስሙን ጫን አድርጎ መያዝና አንዲት ቃል መንካት ብቻ ይበቃል። ሁለት ጊዜ ስሙን ያዝኩ፤ ሁለት ጊዜ ለቀቅኩ። እርግጥ ነው፣ እኔም ከመጀመሪያዎቹ አልነበርኩም። ስምንተኛ ሆኜ ያስገባኝ ያው የትናንቱ አስገቢ ነው፤ ያን ጊዜም ማንንም እንዳላማከረ፣ ለሦስት ቀንም «አለሁ» ያለኝ ሰው እንዳልነበረ ትዝ ይለኛል። ግን የእኔ ጉዳይ ሌላ ነበር፤ እኔ ቢያንስ እንቅልፍ አልነበረኝም።

ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ እንግዳው በራሱ ወጣ። ምንም አላለም። ከ2022 ወዲህ ዋትስአፕ ላይ ከግሩፕ የሚወጣ ሰው መውጣቱ የሚነገረው ለአድሚኑ ብቻ ነው፤ ሌላው የአባላቱን ዝርዝር ከፍቶ ካልቆጠረ በቀር አያውቅም። ማንም አልቆጠረም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ባለ ሳሉ «ክቡራን አባላት፣ ነቅታችሁ ይሆን?» ብሎ ከነአራት ነጥቡ ጻፈ፤ ሌላውም «በሚገባ፣ እርስዎስ?» ብሎ መለሰ፤ እንደዚያ እየተከባበሩ፣ ለሌለ እንግዳ ወግ እየጠበቁ፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። መንገር ነበረብኝ። አልነገርኳቸውም። ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ በትሕትና የተነጋገርነው?

ይልቅስ እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ሰው ዘጠኝ አረጋውያን ተቀብለውት፣ «ደስታችን ወሰን የለውም» ተብሎ ተጽፎለት፣ ደኅና ዋሉ እንኳ ሳይል ይሄዳል? ምን አጎደልንበት? ሊያጠናን መጥቶ አልበቃነው ብሎ ነው? አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላ ምን አይቶ ነው የፈረደብን? ንዴቴ እየጨመረ ሄዶ ቁጥሩን ፈልጌ አወጣሁና «አለህ?» ብዬ ጻፍኩ፤ ጣቴ መላኪያዋ ላይ ደርሶ ሰዓቱን ባይ ከዘጠኝ ተኩል አልፏል። እርሱ መቼም በዚህ ሰዓት ለጥ ብሎ ተኝቷል።