የዶሮ ግሩፕ ውስጥ ስለ ዶሮ እናውራ እንጂ!

ብሶኝ ነው የምጽፈው። የፋሲካ ዋዜማ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት። 40 ሳሶ የሚባል ዝርያ ጫጩቶች አሉኝ፣ 26 ቀናቸው ነው። ውሃ ልቀይር ስገባ ጥግ ላይ ተኮራምተው፣ ክንፋቸውን ጥለው አገኘኋቸው። በስልኬ መብራት ሰጋቱራውን ሳይ ኩሳቸው ደም ነው። መድኃኒት ቤት ዝግ፣ የማውቀው ሐኪም ስልክ አያነሳም። የቀረኝ የቴሌግራም ግሩፓችን ነበር። ፎቶ አንስቼ፣ ዕድሜያቸውን፣ የሚበሉትን፣ የተከተቡትን ሁሉ ጽፌ ለጠፍኩ።

ወዲያው «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል የሻማና የአበባ ፎቶ መጣ። ከስሩ «አሜን»፣ «አሜን አብሮ ያድርሰን»፣ ስቲከር፣ ደግሞ ሌላ ሻማ። በመሀል 150 ካሬ ቦታ የሚሸጥ ደላላ ገባ። «ነፃ ክሪፕቶ ውሰዱ» የሚል የኤርድሮፕ ሊንክ ተከተለ። አንዱ የፖለቲካ ቪዲዮ ወረወረና ስድድቡ ጀመረ። በአንድ ሰዓት ውስጥ 117 መልእክት ቆጠርኩ፤ ስለ ዶሮ የሚያወራው የእኔ ብቻ ነው። ደግሜ ለጠፍኩት፣ እሱም ተዋጠ።

ጠዋት 11 ጫጩት ሞቶ ጠበቀኝ። 4 ሰዓት ሲሆን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አንጋፋ የእንስሳት ሐኪም መለሱልኝ። «ልጄ፣ አሁን ገና አየሁት። ኮክሲዲያ ይመስላል፣ ደም የሚያስቀምጠው የአንጀት በሽታ። መድኃኒቱ አምፕሮሊየም እኔ ቤት ነበር፤ ሰፈራችንም አንድ ነው፤ ማታ ባየው በእግሬ አመጣልህ ነበር።»

ይህን አንብቤ ስልኬን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ።

«ምን ችግር አለው፣ ካልፈለግከው እለፈው» ትሉኛላችሁ። በካርድ ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው ሁለት መቶ ፎቶ የሚያልፈው በገንዘቡ ነው። ደግሞ እሱ ቢያልፈው፣ መልሱን የሚያውቁት ሰው ሰልችቷቸው ግሩፑን ድምፁን ከዘጉት ማን ይመልሳል? ጋሼ ባለፈው ወር ጨርሶ ወጡ። የድሮ ጥያቄና መልስ ልፈልግ ብዬ «ደም» ብዬ ስጽፍ የሚመጣልኝ ያ ሁሉ የፖለቲካ ጭቅጭቅ ነው። ስንት ሰው በነፃ ያስተማረው ትምህርት እዚያ ስር ተቀብሯል!

ሰላምታ አልጠላሁም። ከመሀላችን ሰው ሲሞትበት «ነፍስ ይማር» እንበል፣ ያ የሰው ወግ ነው። ግን እድር ስንሰበሰብ ማን ተነስቶ መሬት ይሸጣል? ማንም። አርፍዶ የመጣ እንኳ ቅጣት ይከፍላል። እዚህ ሲሆን ግን ሥርዓቱን በር ላይ ጥለነው እንገባለን።

አድሚኖቻችን መጥፎ ሰዎች አይደሉም፣ ይሉኝታ ይዟቸው ነው። የበዓል ፎቶ ቢያጠፉ «ሃይማኖታችንን ጠላ» ይባላሉ፣ የጓደኛቸውን ማስታወቂያ ቢያጠፉ ይቀየማቸዋል። ስለዚህ ዝም። እናንተዬ፣ ቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ አንዱን ግሩፕ በቶፒክ፣ ማለትም በየርዕሱ፣ መከፋፈል ፈቅዷል! አንዱን ለበሽታና ለክትባት፣ አንዱን ለመኖና ለገበያ፣ አንዱን ለሰላምታና ለጨዋታ ክፈቱልን። ሻማውም አበባውም ቦታ ያገኛል፣ የሚቀየምም አይኖርም። ሦስት ጊዜ በውስጥ መስመር ለመንኳችሁ። «እናየዋለን» ብላችሁኛል።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንዲት እህት የዶሮዋ አንገት እንደተጠማዘዘ ጽፋ «እባካችሁ» ብላለች። ከስሯ የአርሰናልና የማንቼ ክርክር እስከ ታች ድረስ ወርዷል። «እህቴ፣ ፈንግል የሚባለው ተላላፊ በሽታ ሊሆን ይችላል። የታመመችውን ለያት፣ ጫማሽን ሳትቀይሪ ወደ ሌሎቹ አትግቢ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ደውዪ» ብዬ በውስጥ መስመር ላኩላት። ይህን ስጽፍ እስካሁን አላነበበችውም።