ከጤፍ ማሳ የሚታየው የዩኒቨርሲቲ ፋይዳ

ስለ ከፍተኛ ትምህርትና ስለ ኢኮኖሚ ዕድገት ክርክር በተነሣ ቁጥር መለኪያ ሆኖ የሚቀርበው የተመራቂዎች ብዛት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና አለማያ (የዛሬው ሐረማያ) ብቻ ሲሆኑ፣ ዛሬ የመንግሥት የሆኑት ብቻ ከ40 በልጠዋል። መስፋፋቱ ቀድሞ የመማር ተስፋ ላልነበረው የገበሬና የአርብቶ አደር ልጅ በር ከፍቷልና በደፈናው የሚያጣጥሉት ወገኖች ትክክል አይመስሉኝም። ነገር ግን ዲግሪ የያዘ ሰው መብዛቱ ብቻውን ምርታማነትን አያሳድግም፤ ምሩቃን በኮብልስቶን ሥራ የተሰማሩበትን ጊዜ ያየ ሁሉ ይህን አይስተውም።

ትምህርት ወደ ምርት የሚለወጥበትን መንገድ ለመረዳት የጤፍን ታሪክ መከተል ይጠቅማል። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሲቋቋም የአለማያ እርሻ ኮሌጅ አካል ነበር፤ ኮሌጁም በአሜሪካው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የተመሠረተው ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው የሚደርስ የኤክስቴንሽን ሥራን አጣምሮ እንዲይዝ ታስቦ ነው። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ከመሆኑም በላይ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል በመሆኑ፣ ሁለት ዝርያዎችን ማዳቀል እንደማይቻል ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጤፍ ተመራማሪው ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው ማለዳ ላይ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበት፤ ሰው ሠራሽ ማዳቀልም ከዚያ በኋላ ተቻለ። ነጭነቱ በገበያ የሚወደደውን፣ ምርቱ ግን ዝቅተኛ የሆነውን ማኛ የተባለውን ዝርያ ብዙ ከሚያፈራው ዱከም ከተባለው ዝርያ ጋር በማዳቀል የተገኘው ቁንጮ የተባለ ዝርያ ከደብረ ዘይት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከግኝቱ እስከ ገበሬው ማሳ 30 ዓመት ያህል ወስዷል ማለት ነው።

የአሁኑ ትኩረታችን ግን በፈተና ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው፣ በቀጣዩ ዓመት ለዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች በተጀመረው የመውጫ ፈተናም ካለፉት የወደቁት መብለጣቸው የጥራቱን ጉድለት አደባባይ አውጥቶታል። የመውጫ ፈተናው መጀመሩን እደግፋለሁ፤ ይሁንና ፈተና የሚለካው ተማሪውን እንጂ ያለ በቂ ወርክሾፕና ላቦራቶሪ ኢንጂነር እንዲያስመርቅ የተደረገውን ዩኒቨርሲቲ አይደለም። 70 በመቶው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር የተወሰነው ምሩቁን የሚቀጥር ኢንዱስትሪ ባልበዛበት ጊዜ ነበርና፣ ጥፋቱን ሁሉ በምሩቃኑ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ዩኒቨርሲቲዎችን የምርምር፣ የተግባራዊ ሳይንስና የአጠቃላይ ብሎ የለየው የተልዕኮ ልየታ ይህን ለማረም ጥሩ ጅምር ቢሆንም፣ ልየታው በበጀት ካልተደገፈ የስም ለውጥ ሆኖ ይቀራል። የምርምር ለተባሉት ዩኒቨርሲቲዎች የሚመደበው ገንዘብ ሰኔ 30 ላይ ተዘግቶ ሐምሌ ላይ እንደ አዲስ የሚለመን መሆን የለበትም፤ ለተወሰኑ የምርት ችግሮች ቢያንስ ለ10 ዓመት የተረጋገጠ፣ አጠቃቀሙም ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በየጊዜው ሪፖርት የሚቀርብበት መሆን ይገባዋል።